ቆልፌ ካሜራ ያስገጠመች ዕለት

ቆልፌ የምንላት እኛ የሥራ ባልደረቦቿ ነን። እናት አባቷ ያወጡላት ስም ሌላ ነው፤ ግን ሆስፒታሉ ውስጥ በዚያ ስም ብትጠይቁ «እሷ ደግሞ ማናት?» ነው መልሱ። የምንሠራው የቀዶ ሕክምና ዕቃ በሚታጠብበትና በእንፋሎት በሚቀቀልበት ክፍል ነው። መቀሱም መቆንጠጫውም ደም እንደተቀባ ይመጣልናል፤ እናጥባለን፣ እንፈትሻለን፣ ጠቅልለን ማሽን ውስጥ እናስገባለን። አንዲት መቆንጠጫ ጎደለች ማለት ሰው ሆድ ውስጥ ተረስታ ሊሆን ይችላልና፣ ቆልፌ ተረኛ በሆነችበት ቀን ዕቃው ሳይሟላ ከክፍሉ ንቅንቅ የሚል የለም። በሩን ጥርቅም አድርጋ ቁልፉን ኪሷ ትከታለች። አንድ ጊዜ ትልቁን ሐኪም ሳይቀር ቆልፋበት፣ እየተነጫነጨ ከእኛ ጋር የቆሸሸ አንሶላ ሲያራግፍ አርፍዷል። ስሙ የወጣላት ያን ቀን ነው።

ቤቷም ከዚያ አይለይም። ባሏ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ተጫዋች፣ ነገር የማይከብደው ሰው። ሁለቱ ለዓመታት ቆጥበው ከአንድ ወጣት የገዙት ቤት ቁልቁለት መንገድ ጫፍ ላይ ነው፤ ሦስት ክፍል፣ ጠባብ ኮሪደር፣ አንድ ዕቃ ቤት፣ ግቢው ጥግ አንድ ትርፍ ክፍል፣ ከጀርባው ደግሞ ሥራ ያቆመ መጋዘን። ቤቱን በገዛ እጃቸው የሠሩት የወጣቱ አባት መሆናቸውን የሰሙት ውል ሲፈራረሙ ነው። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጥግ ይዘው ተቀምጠው ነበር። ይፈርሙ ሲባሉ ፈረሙ፤ ሻይ ይጠጡ ሲባሉ አይ አሉ፤ ወጡ። ቆልፌን ከዚያ በኋላ ትዝም ብለዋት አያውቁም።

ከባልና ሚስቱ ሌላ ቤቱ ውስጥ ያሉት የባሏ እናት ናቸው፤ ሁላችንም «እማማ» ነው የምንላቸው። ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። መታጠቢያ ቤት ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ በኋላ ልጃቸው አምጥቶ ከእነሱ ጋር አኖራቸው። አጥንቱ ገጥሟል፣ በምርኩዝ ይሄዳሉ፤ ምላሳቸው ግን ምርኩዝ ፈልጎ አያውቅም። ጠዋት ሾፌሩ ቀድሞ ይወጣል፣ ቆልፌ ትከተላለች። ስትወጣ የሳሎኑን በር ከውጭ በጓጉንቸር ትከረችማለች፣ የግቢውን ትደግማለች።

«አንዱ አንኳኩቶ፣ አታሏቸው እንዳይገባ ብዬ ነው» ትለን ነበር። «ለእሳቸው ደኅንነት ነው እኮ።»

እማማ መጀመሪያ ሰሞን አጉረምርመው ነበር። በኋላ ተዉት።

ነገሩ የጀመረው በዳቦ ነው። ማታ አይታ ያደረችው ግማሽ ዳቦ በማግስቱ ስትመለስ የለም። ሳሙና ቶሎ ቶሎ ያልቃል። የባሏ ወፍራም ካልሲ ከልብስ ማስጫው ላይ ጠፋ። ዕቃ ቤት ታጥፎ የተቀመጠ ብርድ ልብስ ተከተለ፤ ከዚያ አሮጌው ፔርሙዝ። አንድ መቀስ ቢጎድልባት ሐኪም ለምትቆልፍ ሴት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እማማን ትጠይቃለች።

«ዳቦውን እኔ በላሁት» ይሏታል።

«ካልሲውንስ?»

«ካልሲውንም በላሁት! ምን ልትሆኚ ነው?»

ይባስ ብሎ፣ የሚጠፋው ብቻ ሳይሆን የሚስተካከለውም ነገር ግራ አጋባት። ዓመት ሙሉ ሲያንጠባጥብ የኖረው የወጥ ቤት ቧንቧ አንድ ቀን ጭጭ አለ። ሲከፈት ሲዘጋ የሚያቃስተው የመኝታ ቤት በር ማቃሰቱን ተወ። ባሏ «ቤቱ ራሱን ማከም ጀምሯል፤ ተመስገን በይ» ብሎ ሳቀ። እሷ «ጠርጥር፣ ገንፎም አለው ስንጥር» አለችና መስኮቶቹን አንድ በአንድ ስትነካካ አመሸች።

ሥራ ላይ፣ አንሶላ እያጠፍን፣ «የሚሰርቅም የሚጠግንም ሌባ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

«ካገኘሽው ወደ እኔ ላኪልኝ፤ የኔ ጣራ ያፈሳል» አልኳት። ስቀን አለፍነው።

ይህ እንዲህ እያለ የጎረቤታቸው ቤት በጠራራ ፀሐይ ተሰበረ። ቴሌቪዥኑንም ልብሱንም ጠርገው ወሰዱ፤ ጎረቤትየዋ ባዶ ቁም ሣጥን ፊት ቆማ እሪ ስትል ቆልፌ በአጥር በኩል ሰማቻት። በዚያው ሰሞን ካሜራ የሚገጥም ሰው አፈላልጋ አመጣች። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሊባልብኝ አልፈልግም» አለች።

ገጣሚው ድሮ ሬዲዮ ይጠግን የነበረ፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው። ጫማውን አውልቆ ቤቱን ዞረ፣ ግድግዳውን ኳ ኳ አደረገ። ቆልፌ የቤቱን ንድፍ በእኛው ዕቃ መጠቅለያ ወረቀት ላይ ስላ ጠብቃው ነበር፤ በሩ፣ መስኮቱ፣ የመጋዘኑ አጥር፣ ሁሉም አለበት። ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ተማከሩ። አንድ ካሜራ ግቢው በር ላይ፣ አንድ ከጀርባ፣ አንድ ኮሪደሩ ውስጥ። በሮቹና መስኮቶቹ ላይ ሲከፈቱ የሚያስታውቅ ሴንሰር። ሌባ ሲነካው ሰፈሩን የሚያውክ ደወል። ቆልፌ ሥራ ቦታ ሆና ሁሉንም በስልኳ ታያለች።

እማማ ከወንበራቸው ሆነው ሲያዳምጡ ቆይተው፣ «ኮሪደሩ ላይ ለምን?» አሉ።

«ከገባ እንዲይዘው ነዋ፣ እናቴ» አለ ገጣሚው።

«ሽንት ቤት ስመላለስ ሊያነሣኝ? በስተርጅና ፊልም ልሠራ?»

ሾፌሩ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«የምትፈሩት ከውጭ የሚመጣውን ከሆነ ውጭ ስቀሉት። ውስጥ ያለነው እኛው ነን» አሉ እማማ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «ሽቦውን በምን በኩል ነው የምታስኬደው?»

«በኮርኒስ።»

«ኮርኒሱ አይጥ አለበት። ትበላብሃለች። በግድግዳው ላይ አስኪደው።»

«በግድግዳ ከሄደማ ሌባው በመቁረጫ ቀጭ ያደርገዋል። ለአይጧ አያስቡ፤ የማትበላው ሽቦ አለኝ።»

እማማ ያን ቀን ምሳቸውን አልነኩም። ቆልፌ እርጅና ነው ብላ አለፈችው።

ሥራው ቅዳሜ ሊጀመር ተቀጥሮ ሳለ ገጣሚው ዓርብ ጠዋት መሰላሉን ተሸክሞ ከች አለ። ሌላ ሥራ ተሰርዞበት ነው። ቆልፌ የእረፍት ቀኗ ነበርና ደስ ብሏት በሩን ከፈተችለት። እማማ ግን ገና መሰላሉን ሲያዩ ደረታቸውን ያዙ።

«ወጋኝ። ሐኪም ቤት ውሰጂኝ።»

ቆልፌ ደነገጠች። የደም ግፊት መለኪያዋን አምጥታ ክንዳቸውን ጠመጠመች። የወጣት ነው የሚመስለው።

«እማማ፣ ምንም አልሆኑም።»

«ነገ ይምጣ በይው። ለነገ አይደል የተቀጠረው? ሰው በቀጠሮው ነው!»

«አንዴ መጥቷል እኮ፤ አሁን መልሼ ልስደደው?»

እሳቸው እየተማጠኑ ገጣሚው ዕቃ ቤት ገብቷል። የኮርኒሱ መውጫ እዚያ ነው፤ አራት ማዕዘን ክዳን። መሰላሉን አቆመ፣ ስለ አንድ ደንበኛው ውሻ እያወራ ወጣ፣ ክዳኑን በጭንቅላቱ ገፋ አደረገና የእጅ ባትሪውን አበራ። ወሬው እመሃል ላይ ተቆረጠ።

ያ ሰው ዝም ሲል የመጀመሪያው ነበር። ቆልፌ መሰላሉን እንደያዘች ጠበቀች።

«እህቴ» አለ ከላይ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ኮርኒሱን አከራይታችሁታል እንዴ?»

ቀልድ መስሏት ሳቀች። እግሮቹ መርገጫ ሲስቱ ስታይ ግን ሳቋ አፏ ላይ ደረቀ። ገጣሚው ፊቱ አመድ መስሎ ወረደ።

«ሰው አለ» አለ። «መነጽር አድርገው ተቀምጠዋል። እንደምን አደርክ አሉኝ።»

ቆልፌ ክው አለች። በኋላ ስትነግረኝ፣ «ጆሮዬ ጭው አለ፤ ከዚያ ሌላ ምንም አላስታውስም» ነው ያለችኝ። ጩኸቷን ግን ጎረቤትየዋ ታስታውሳለች። ዳግመኛ ልትጮህ አፏን ስትከፍት፣ በሩ ላይ ምርኩዝ ኳ አለ።

«አትጩሂ!» አሉ እማማ። «ልባቸው ደካማ ነው።»

ቆልፌ ዞራ አየቻቸው። ቃሉ ገብቷታል፤ ትርጉሙ ግን አልገባትም። የማን ልብ? እሳቸው በምን አወቁ? ጣቷን ወደ ኮርኒሱ ጠቆመች።

«አዎ» አሉ እማማ። «አውቃለሁ።» ከዚያ ወደ ላይ ቀና ብለው፣ «በቃ ይውረዱ፣ ግንበኛው። ታይተዋል።»

መጀመሪያ የወረደው እግር ነው። የባሏን ካልሲ አጥልቋል። ከዚያ ግራጫ ሱሪ፣ የተጎነበሰ ጀርባ፣ ጫማ የያዘ እጅ። ሽማግሌው መሰላሉን እንደ ወጣት ወረዱና ባርኔጣቸውን አወለቁ። ቆልፌ ባርኔጣውን አወቀችው። ውል የተፈራረሙ ዕለት ጉልበታቸው ላይ የነበረው ነው። ቤቱን የሠሩት ሰው!

«ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ልጄ» አሉ ሽማግሌው። ዓይናቸውን ከመሬት አላነሡም።

ቆልፌ የገጣሚው የዕቃ ሣጥን ላይ ዘጭ አለች።

ታሪኩ የወጣው ቀስ በቀስ ነው፤ ግማሹን ሽማግሌው፣ ግማሹን እማማ እየተቀባበሉ። ልጃቸው ቤቱን ካሸጣቸው በኋላ አንድ ክፍል ተከራየላቸውና ሥራ አገኘሁ ብሎ ሩቅ ሄደ። ሲሄድ «እደውላለሁ» አለ። አልደወለም፤ ስልኩም ተዘጋ። አከራዩ ጥቂት ታገሰና ዕቃቸውን በር ላይ አወጣ። ሽማግሌው የሚሄዱበት ሲያጡ ቤታቸውን ለማየት መጡ፤ እንዲያው ለማየት። ዝናቡ በዚያው ጀመረ። ከመጋዘኑ አጥር በላይ፣ ከጣራው ቆርቆሮ ጫፍ ሥር፣ ሲሠሩት ለራሳቸው መግቢያ የተዉት ክፍተት ነበር። ዕድሜ ልካቸውን መወጣጫ ላይ ያረጁ ሰው ናቸው፤ ወጡ። ዝናቡ እስኪያባራ ነበር ሐሳባቸው። እንደዚያ ሆኖ ስምንት ወር ሆነ።

«እኔ ያወቅሁት በሳል ነው» አሉ እማማ። «ወጥ ቤት ተቀምጬ ዳቦ ስቆርጥ ከላይ ሳል ሰማሁ። ‹አይጥ ከሆንክ አትስልም፤ ሰው ከሆንክ ውረድ!› አልኩ። ወረዱ። ቢላው በእጄ ነው፤ ግን ከእኔ ይልቅ የሚንቀጠቀጡት እሳቸው ናቸው። ምን ላድርግ? ሻይ ሰጠኋቸው።»

«ለምን አልነገሩኝም?» ቆልፌ ድምፅዋ ሲመለስ የወጣት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው።

«ብነግርሽ ምን ታደርጊ ነበር?»

«ፖሊስ እጠራ ነበራ!»

«እንግዲያ ምን ትጠይቂኛለሽ?»

«እማማ፣ የማያውቁት ሰው! ብቻዎን! ቢያርዱዎትስ?»

«ብቻዎን ትይኛለሽ?» እማማ ምርኩዛቸውን አነሡና ወደ ሳሎኑ በር ጠቆሙ። «ብቻዬን ያደረግሽኝ አንቺ አይደለሽም? ከውጭ ትከረችሚብኛለሽ፣ ትሄጃለሽ። ያ አረንጓዴ ፎጣ ትዝ ይልሻል? አርጅቶ ጣልኩት ያልኩሽ?»

«አዎ።»

«አላረጀም። ምድጃው ላይ ተያያዘ። መጋረጃውንም ያዘ። እኔ በዚህ ዳሌ የት እሮጣለሁ? በሩን ገፋሁ፤ ተቆልፏል። ዘለው ወርደው ያጠፉት እሳቸው ናቸው። እጃቸውን እዪው።»

ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ኋላ ሊደብቁ ሲሉ ታየ። ከአውራ ጣታቸው ሥር እስከ አንጓቸው ቆዳው ተጨማድዷል።

ቆልፌ በኋላ ላይ፣ «ኮርኒሱ ላይ ሰው አለ ሲለኝ የደነገጥኩት ምንም አልነበረም» ብላኛለች። «እጃቸውን ሳይ ነው መደንገጥ ምን እንደሆነ ያወቅሁት።» በክፍቱ በር በኩል የወጥ ቤቱን መጋረጃ አየችው። አዲስ ነው። እማማ አሮጌውን ለማኝ ሰጠሁት ብለዋት፣ ለመሆኑ በተቆለፈ በር ለየትኛው ለማኝ ብላ እንኳ አልጠየቀችም ነበር።

ሾፌሩ ተጠርቶ መጣ። ነገሩ ሲነገረው መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ መሰላሉን ወጥቶ ሲያይ ሳቁ ጠፋ። እዚያ ላይ ሳንቃ ተነጥፏል፤ ብርድ ልብሱ በሥርዓት ታጥፏል፤ ፔርሙዙ ከጎኑ ነው። ደሙ ፈልቶ ወረደ።

«ስምንት ወር! ከመኝታዬ በላይ!» ስልኩን መዥረጥ አደረገ። «ፖሊስ ነው የምጠራው!»

«ደውል» አሉ እናቱ። «ለእኔም ቦታ እንዲይዙልኝ ንገራቸው። አብሬያቸው ነው የምገባው።»

«እማዬ!»

«ደውል እንጂ! ቁጥሩ ጠፋህ?»

«ልጁ እውነቱን ነው» አሉ ሽማግሌው። «የሰው ቤት ነው የገባሁት። ይጥራ።»

ሾፌሩ ስልኩን እንደያዘ እናቱን አየ፣ የተቃጠለውን እጅ አየ፣ ሚስቱን አየ። ሚስቱ የዕቃ ሣጥኑ ላይ እንደተቀመጠች ናት። ስልኩን ኪሱ ከተተው።

«ይቅርታ ግን…» አለ ገጣሚው ከጥጉ፣ ሽቦውን አንገቱ ላይ እንደ ጠመጠመ። «እኔ ልቀጥል ወይስ ሌላ ቀን ልምጣ?»

ጨዋ ሰው ነው፤ መሰላሉን ትቶ ቀስ ብሎ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ቆልፌ ራሷ፣ ከግቢው ጥግ ያለውን ትርፍ ክፍል ላጽዳልዎት አለቻቸው። ሽማግሌው እሺ አላሉም። «የሸጥኩት ቤት ነው፤ የተሸጠ ተሽጧል። እስካሁን የኖርኩት ይበቃል» አሉ። የሚሄዱበት ዘመድ እንዳላቸው ስትጠይቃቸው ብዙ ካመነቱ በኋላ ታናሽ እኅት እንዳላቸው አመኑ፤ ከተማው ዳር የምትኖር። ለምን እሷ ጋ እንዳልሄዱ ስትጠይቃቸው፣ «ቤቱን አትሽጥ ብላኝ ነበር» ብቻ አሉ።

ሾፌሩ መኪና ተውሶ ወሰዳቸው። እማማ እኔም እሄዳለሁ ብለው ከፊት ወንበር ገቡ። እኅትየዋ በሩን ከፍታ ወንድሟን ስታይ አንዱን ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ትከሻቸውን ደጋግማ መታቻቸው፤ እየመታች ታለቅሳለች፣ እያለቀሰች ትሳደባለች። ሞተዋል ተብሎ ተነግሯት ነበር። የነገራት ማን እንደሆነ ሾፌሩ አልጠየቀም።

ካሜራው በሳምንቱ ተገጠመ፤ የኮሪደሩ ቀርቶ ሁለቱም ውጭ ናቸው። የጣራው ክፍተት ተደፈነ። እማማ የሳሎኑን ቁልፍ በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ጎረቤት ለጎረቤት መዞር ጀመሩ፤ ስለ ሰፈሩ ከልጃቸውና ከምራታቸው ይልቅ ብዙ ያውቃሉ አሁን። የሽማግሌው ልጅ ስልክ ዛሬም አይሠራም።

እኔ ይህን ሁሉ የሰማሁት ሥራ ቦታ ነው። «ኮርኒሱን አከራይታችሁታል እንዴ» የሚለው ላይ ስትደርስ ሳቄ አመለጠኝ። ቆልፌ አልሳቀችም። ሰውየው ከሄዱ በኋላ እንኳ አንድ ነገር እየበላት እንደሆነ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ጎትጉቼ አወጣሁት። ከመኝታ ቤቱ ኮርኒስ በላይ ስምንት ወር ሰው ከነበረ፣ ስምንት ወር የተወራው ሁሉ ተሰምቷል ማለት ነው። በዚያ መሃል ደግሞ አንድ ሰሞን፣ ከባሏ ጋር ተጋድማ፣ «እናትህ ከብደውኛል፤ እኅትህ ጋ ብንወስዳቸውስ?» ብላው ነበር። አንድ ጊዜ ብቻም አይደለም። ነገሩ በዚያው ቀርቷል፤ ግን ተብሏል። እማማ ያውቁ ይሆን? ሽማግሌው ነግረዋቸው ይሆን? ዓይናቸውን ባየች ቁጥር ይህን ታስባለች።

አንድ እሑድ ሽማግሌው ሊጠይቋቸው መጡ። የግቢው በር መጥሪያ ሲጮህ ቆልፌ ስልኳን አየች፤ በሩ ፊት ቀጥ ብለው ቆመዋል፣ ሸሚዛቸው ተተኩሷል። ሮጣ ከፈተች። ሻይ አቀረበች። እማማ ብስኩት ላምጣ ብለው ሲነሡ ጊዜ አገኘች።

«አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች። ወደ ወጥ ቤቱ በር ገልመጥ አለች። «እዚያ ላይ ሆነው… የምናወራው ይሰማዎት ነበር?»

ሽማግሌው ስኒያቸውን አዩት፣ አዞሩት።

«እኔ? እኔ ጆሮዬ ደካማ ነው፣ ልጄ። ድንጋይ ስፈልጥ ነው የኖርኩት፤ አደነቆረኝ። ሰው ካልጮኸልኝ አልሰማም።»

ቆልፌ የጠየቀቻቸው በሹክሹክታ ነበር። ያን ሰዓት ግን ልብ አላለችውም፤ ከላይዋ ድንጋይ የተነሣላት መስሏት በረጅሙ ተነፈሰች።

ሽማግሌው ከሄዱ በኋላ ስኒ እያጠበች፣ እንደዋዛ፣ «ጆሮአቸው ለካ ደካማ ነው፤ ያሳዝናሉ» አለች ለእማማ።

እማማ ከልባቸው ሳቁ። «የማን ጆሮ? የግንበኛው? ጉንዳን ስትሄድ ይሰማቸዋል እኮ! አንቺ ገና መንገዱ ጫፍ ሳለሽ በእርምጃሽ አውቀው ‹መጣች› ብለው ወደ ላይ የሚወጡት እሳቸው አልነበሩ? አንድ ነገር ግን አላቸው፤ ከእናንተ መኝታ ቤት ምን ሰሙ ብዬ ስንት ጊዜ ጠይቄያቸዋለሁ፣ አንድ ቀን ትንፍሽ ብለውልኝ አያውቁም።»

ቆልፌ ቧንቧውን ሳትዘጋ ቆማ ቀረች።